አምስት ሳንቲ ሜትር ከየት ይመጣል?

ፎር ዊል መኪና ከፍ ስለማድረግ ጨዋታ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ዕቃ ይዞራል፤ የየትኛው ፋብሪካ ሞላ፣ የስንት ሳንቲ ሜትር ስፔሰር (ከሞላው ጋር ገብቶ መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ)፣ የትኛው ሾክ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርድ)። ኪሱ የሳሳ ሰው ግን መጀመር ያለበት ከሜትር ነው። ከመሣሪያ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ግማሹን ጥያቄም የሚመልሰው እሱ ነው።

መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙ። ጎማው ትክክለኛ ንፋሱን ይያዝ፣ ነዳጁ ሙሉ ይሁን፣ ሁልጊዜ የሚጫን ዕቃ ካለ እንደተጫነ ይቆይ። ሞላው ቦታውን እንዲይዝ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ንዱት። ከዚያ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ከንፈር ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉ። ከመሬት ጀምሮ የሚለካ ሰው ጎማ ወይም ንፋስ በተቀየረ ቁጥር ልኩ ይዛባበታል። ከእምብርት የተለካ ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ ሞላው ብቻ ነው።

በግራና በቀኝ መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ከታየ አንዱ ሞላ ተኝቷል፣ ወይም የባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) ቅጠል ተሰብሯል፣ ወይም ጎሚኒ (በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው። (አንዳንድ መኪና ከፋብሪካው ጀምሮ በነዳጅ ጋኑ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፤ እሱን አትቁጠሩት።) ብዙ ዓመት ጭነት የተሸከመ ሞላ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር መተኛቱ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና ያጣውን ቁመት ቢመልሱለት ይበቃዋል። መደበኛ አዲስ ሞላ ሲገባለት ከፍ ይላል፤ ሾኩ፣ የፍሬን ቱቦው፣ የመሪው ማዕዘን ሁሉ መጀመሪያ በተሠሩለት ልክ ይቆያሉ። ከዚህ የረከሰ ማሳደጊያ አላውቅም።

ክብደትም እንደዚያው ነው። የኋላው አንድ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመተኛት 30 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) የሚጠይቅ ቢሆን ሁለቱ በአንድ ላይ 60 ይሆናሉ። 100 ኪሎ ግራም ወደ 1000 ኒውተን ስለሚጠጋ፣ ለ60 ሲካፈል መኪናው ከኋላ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተኛል ማለት ነው። ማንም የማይጠቀምበት የብረት ፖርቶመጋላ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ በመሣሪያ የታጨቀ ሣጥን፤ እነዚህን ማውረድ ብቻ በነፃ ከፍ ያደርጋል። ስፔሰር እየገዙ እነሱን ተሸክሞ መዞር ምን ይሉታል?

ቀጥሎ የሚነካው ምን እንደሆነ ለዩ። ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) ባለው መኪና ሞላ ማስረዘም ከዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሐል ካለው የማርሽ ቋት) ሥር ያለውን ክፍተት አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። አክስሉ ያለው በጎማው እምብርት ላይ ነው፤ ከፍ የሚያደርገው የጎማ ቁመት ብቻ ነው። 265/70 የሆነ ባለ 16 ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ነው፤ 265/75 ደግሞ 804። ልዩነቱ 27 ነው፣ አክስሉ የሚደርሰው ግን ግማሹ፣ 13 ብቻ። በዚያ ላይ ትክክል ይቆጥር የነበረ የፍጥነት መቁጠሪያ 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 103 ከምናምን ይሄዳል፤ ሞተሩም ያንኑ ያህል የከበደ ማርሽ እንደተሰጠው ይቆጥረዋል።

ሞላ የሚያነሳው ሆድን ነው። በፊትና በኋላ አክስል መሐል 2850 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው፣ ሆዱ ከመሬት 220 የሆነ መኪና ሆዱን ሳይነካ የሚሻገረው ጉብታ 17.5 ዲግሪ ገደማ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሲጨመርለት 21.5 ይሆናል። ትልቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ የጎን መረገጫው፣ ጋኑና የማርሽ ሣጥኑ መከላከያ የተቦጫጨሩበት መኪና ከሞላ ይጠቀማል፤ የዲፈረንሻሉ ሆድ ብቻ የተላጠበት ግን ጎማ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጎማ ከቆመበት ሁለት መንገድ አለው፤ ድንጋይ ሲረግጥ ሽቅብ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ቁልቁል። የጉዞውን ዳር ዳር የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሾክ አብዞርበሩ (አሞርዛተሩ) ነው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከማሰሪያ እስከ ማሰሪያ 340 ሚሊ ሜትር፣ ሲዘረጋ 540፣ መኪናው ቆሞ ሳለ 450 ነው እንበል። ሽቅብ 110፣ ቁልቁል 90 አለው ማለት ነው። ሾኩ ሳይቀየር መኪናው 50 ከፍ ሲል የቆመበት ልክ 500 ይሆናል። ድምሩ ያው 200 ነው፤ ሽቅቡ 160 ሲሆን ቁልቁሉ 40 ብቻ ይቀራል። አምስቱ ሳንቲ ሜትር የመጣው ከዚያ ነው።

ቁልቁል ጉዞ ያነሰው መኪና ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሾኩ ተወጥሮ ጧ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ «ሞላው ደረቀ» ይላል፤ ሞላው ግን ያው የቀድሞው ሊሆን ይችላል። ሾኩ አክስሉን እንደ ሰንሰለት አንጠልጥሎ ሲይዝ የውስጡ ማቆሚያ ይመታል፣ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል፣ አለዚያም ማሰሪያው ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አፅም) ላይ ይሰነጠቃል። ወጣ ገባ መንገድ ላይም ጎማው ቶሎ ከመሬት ይነሳል፤ ከፍ የተደረገው መኪና ካልተነካው ቀድሞ መጎተቻ ያጣል። ይህን እያየ «ግን ያምራል» የሚል አይጠፋም።

ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት እነዚያን ሦስት የሾክ ቁጥሮች ያዙ። ከታሰበው ከፍታ በኋላ ቁልቁሉ ከ60 ሚሊ ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ሾክ ሳይቀይሩ መቀጠልን አልመክርም፤ ወይ ከፍታውን ቀንሱ፣ ወይ ረጅም ሾክ ፈልጉ። ረጅም ሾክ ደግሞ ታጥፎም ረጅም ነው። 380 ታጥፎ 620 የሚዘረጋ ሾክ በ500 ላይ ሲቆም 120 ሽቅብ፣ 120 ቁልቁል ይሰጣል፤ እሰየው። ነገር ግን ሻንሲው ላይ ያለው የመጋጫ ጎማ አክስሉን የሚያቆመው ሾኩ 350 ላይ ሲደርስ ከነበረ፣ አሁን ከመጋጫው በፊት ሾኩ ራሱ ብረት ከብረት ይጋጫል። የመጋጫው ጎማ ከ30 በላይ፣ ለደህንነቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር፣ ዝቅ መደረግ አለበት። በሁለት ቡሎን የታሰረ የብረት ቁራጭ ይበቃዋል። ይህን ሥራ ዘሎ አዲስ ሾክ በጥቂት ቀን የጨረሰ ሰው ፋብሪካውን ይረግማል።

ጥቅል ሞላና ድፍን አክስል ያላቸው መኪኖች፣ ላንድ ክሩዘር 80፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 እና ዋይ 61፣ ሱዙኪ ጂምኒ፣ በትንሽ ገንዘብ ለማሳደግ ከሁሉም የሚመቹ ናቸው። ሞላው ላይ የሚቀመጥ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር 30 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል፤ የሞላው ጥንካሬም አይለወጥም። ስፔሰሩ ፖሊዩሪቴን፣ ጠንካራ ናይሎን ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ከላይም ከታችም ሞላው እንዳይንሸራተት የሚይዝ ከንፈር ይኑረው። ሁለት ስፔሰር አይደራረብ።

ሌላው መንገድ የዚያው ሞዴል ከባድ ሞተር ያለው ወይም ረጅሙ ዓይነት የሚጠቀምበትን ሞላ መፈለግ ነው። አንድ ሞላ 6000 ኒውተን ቢሸከም፣ ጥንካሬው በየሚሊ ሜትሩ 25 ኒውተን ሲሆን 240 ሚሊ ሜትር ይተኛል፤ 30 ሲሆን 200። ሳይጫን ያለው ቁመት እኩል ከሆነ 40 ሚሊ ሜትር ከፍታ ተገኘ። ሽቦው ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ውፍረት ጥንካሬን በአራተኛ ኃይል ነው የሚያሳድገው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ 14 ሚሊ ሜትር የነበረ ሽቦ 15 ሲሆን ሞላው 32 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ባዶውን የሚሄድ መኪና ይህን ሞላ ቢያገኝ ተሳፋሪው በጀርባው ያውቀዋል።

በጥቅሎቹ መሐል ጎማ መወተፍ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፤ ግን የተወተፉት ጥቅሎች መሥራት ስለሚያቆሙ ሸክሙ ሁሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ ሞላውም ከዚያ አካባቢ ይሰበራል። ሞላን በእሳት አሙቆ መዘርጋት ደግሞ የብረቱን ሙቀት አያያዝ ያበላሻል። ጥቂት ሳምንት ቆሞ ተመልሶ ይተኛል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የማይነሱትን ጎማዎች በታኮ አስይዙ፣ የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላሉ። በክሪክ አንስታችሁ የብረት መደገፊያውን ከአክስሉ ሥር ሳይሆን ከሻንሲው ሥር አኑሩ፤ አክስሉ መውረድ አለበትና። ክሪኩን ወደ አክስሉ አዛውሩና እንደ ደገፈው የሾኩን የታች ማሰሪያ፣ የስታቢላይዘሩን (መኪናው በጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የፓናርድ ባሩን (አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ) አንድ ጫፍ ፍቱ። ከዚያ አክስሉን ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ ዓይን ከፍሬን ቱቦው፣ ከኤቢኤስ ሽቦውና ከዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ አይነሳ። ከሞላው ቀድመው የሚወጠሩት እነሱ ናቸው። ሞላው ሲላላ ወጥቶ ስፔሰሩ ይገባል። ስትመልሱ የሽቦው ጫፍ በመቀመጫው እርከን ላይ በትክክል ማረፉን በእጅ ዳስሱ፤ በአንድ ሩብ ዙር ዝንፍ ያለ ሞላ መኪናውን ያዘነብለዋል፣ ሲሄድም ይንቋቋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻው ማጥበቂያ የሚሰጣቸው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቀን ከሌት እንደተጠመዘዘ ይሠራና ይቀደዳል። መኪናው ከፍ ሲል ሳይፈቱ የቀሩትንም እንዲህ ያሉ ቡሎኖች በአዲሱ ቁመት አላልቶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የፊት አክስሉ ከፍ ሲል ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አክስሉን በጎን የሚይዘው ፓናርድ ባር ርዝመቱ አይለወጥም፤ ይበልጥ ሲያዘነብል ግን አክስሉን ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ጎን ይስበዋል። 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ባር የሁለት ጫፎቹ የቁመት ልዩነት ከ50 ወደ 100 ሲያድግ አክስሉ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸሻል፤ ከ100 ወደ 150 ሲሆን ደግሞ 7። ይህን ያህሉ ለመንዳት አያስቸግርም፤ መሪው ግን ቀጥ ብሎ ላይቆም ይችላልና የመሪውን ዘንግ አስተካክሉ። ሁለተኛው ካስተር ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደኋላ ማዘንበሉ። አክስሉን ይዘው ወደኋላ የሚሄዱት ክንዶች አንድ ሜትር ቢሆኑ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካስተሩን 3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሰዋል። ካስተር ያጣ መሪ ከዞረ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሐል የወጣ የካስተር ጎሚኒ ነው፤ ከሙሉ ክንድ በጣም ይረክሳል። ከ30 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ከፍታ ብዙውን ጊዜ የጎማ አላይመንት ብቻ ይበቃል።

ባሌስትራ ላይ ምርጫው ይበዛል፤ መጥፎው ምርጫም እንዲሁ። በጣም የሚያታልለው ረጅም ሻክል (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ማንጠልጠያ) ነው። የሚሰጠው ከፍታ የጨመረው ርዝመት ግማሽ ብቻ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሻክል 25 ያህል ያነሳል። በተጨማሪ አክስሉን ያሽከረክረዋል። ሻክሉ ከኋላ በሆነበት የኋላ አክስል ላይ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ይላል፤ ሻክሉ ከፊት በሆነበት የፊት አክስል ላይ ደግሞ ካስተር ይቀንሳል። ቀጭን ላሜራ ሆኖ በሁለቱ ጎን መሐል ማያያዣ የሌለው ሻክል ከርቮ ላይ ይጣመማል።

ጭነት ለሚጭን ፒካፕ እኔ የምመርጠው ቅጠል መጨመር ነው። የተጨመረው ቅጠል ረዘም ያለ ይሁን፤ አጭርና ጉብጥ ያለ ቅጠል ሸክሙን በመሐል ብቻ ስለሚያነሳ ዋናው ቅጠል ከአጭሩ ቅጠል ጫፍ አጠገብ ይሰበራል። የመሐሉን ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ግራና ቀኙን በሞርሳ ወይም በጠንካራ መቆንጠጫ እሰሩ፤ የታመቁ ቅጠሎች ሲፈቱ ይፈናጠራሉ። የመሐሉ ቡሎን አዲስና ረዘም ያለ ይሁን፣ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ባለ ዩ ቅርጽ ቡሎኖችም አዲስ ይሁኑ። እነሱ አንዴ ሲጠብቁ ስለሚሳቡ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ጥብቀት አይሰጡም። የደከመውን ባሌስትራ በመዶሻ አስመትቶ ማጉበጥም የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሙቀት አያያዙ ካልታደሰ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

በአክስሉና በባሌስትራው መሐል የሚገባው ብሎክ ለኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ሲቀመጥ። ፊት ላይ አይገባም! ፍሬን ሲያዝ አክስሉን ሊያሽከረክር የሚመጣው ኃይል ብሎኩን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ኋላ ላይም አንድ ብቻ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ በመሐል ጣቱ መቀመጫው ውስጥ የገባ ይሁን። ብሎክ በጨመረ ቁጥር ነዳጅ ሲረገጥ ባሌስትራው እንደ ኤስ ፊደል ይጠማዘዛል፤ ሲነሳ የሚሰማው ጉልቻ እንደመታ ያለ ድምፅ ከዚያ ነው።

ፒካፖች ላይ የሚረሳ፣ ግን ሕይወት የሚነካ ነገር አለ። ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን እያየ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል፤ ለኋላው ፍሬን የሚልከውን ግፊት ይቀንሳል። መኪናው ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፊተኛው ፍሬን ብቻውን ይለፋል። ኋላው 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ የዘንጉ ማሰሪያም በዚያው ልክ መስተካከል አለበት። ላሜራ ቆርጦ ሁለት ቀዳዳ መብሳት ነው ሥራው።

ፊታቸው ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) የሆነ መኪኖች፣ ላንድ ክሩዘር 100ን የመሰሉ፣ በነፃ ከፍ ይላሉ። ማስተካከያ ቡሎኑን ማጥበቅ ነው። ነፃነቱ ነው አደጋው። ቡሎኑ ሲዞር የባሩ ጥንካሬ አይጨምርም፤ የክንዱ መቆሚያ ብቻ ይለወጣል፣ ቁልቁል ጉዞውም እዚያው ይበላል። የሚታየውን የጥርስ ርዝመት ለክታችሁ ጻፉ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ ባሩ ሲላላ ቡሎኑን ግራሶ ቀብታችሁ በሁለቱም በኩል እኩል ዙር አዙሩ፣ አውርዱ፣ ንዱ፣ ለኩ። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሆን የላይኛው ክንድ በቁልቁል ማቆሚያው ላይ ሊያርፍ ይቃረባል፣ ሲቪ ጆይንቱም (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ) በሰላ ማዕዘን ስለሚዞር ግራሶውን የሸፈነው ጎማ ይቀደዳል። ባሩን ማውጣት ካስፈለገ ከመነቀሉ በፊት ጥርሱን ምልክት አድርጉበት፤ የግራውና የቀኙ አይቀያየሩም።

ሞላና ሾኩ አንድ ላይ የሆነበት ፊት፣ ከ2005 ወዲህ ያለው ሂሉክስ ዓይነት፣ ስሌቱ ሌላ ነው። ሾኩ ክንዱን የሚይዘው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሆነ ከላዩ የሚታሰር 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ላይ ከ40 እስከ 50 ይሆናል። «25 ብቻ ነው» ብሎ 50 ስፔሰር የሚያስገባ ሰው መኪናውን ወደ 100 ሰቅሎ ያገኘዋል። ይህ ስፔሰር ከሌሎቹ በተቃራኒ ጎማው ወደ ታች የሚደርስበትን ወሰን ይጨምራል፤ ችግሩም እሱ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የላይኛው ክንድ ሞላውን እንዳይነካ፣ ቦል ጆይንቱ (የክንዱ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) መጨረሻው ላይ ደርሶ እንዳይጣበቅ፣ ሲቪ ጆይንቱም በእጅ ሲዞር እንዳይነክስ እዩ። አንዱ ከተገኘ ስፔሰሩ በዝቷል። ሾኩን በትኖ ከሞላው በላይ ስፔሰር ማስገባት ሌላ ነገር ነው፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላልና ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ለሌለው አይሞከርም።

በሻንሲና በቦዲ መሐል የሚገባው ብሎክ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል እንጂ የሻንሲውን ሆድ አያነሳም። የመሪ ዘንግ፣ የነዳጅ መሙያ ቱቦ፣ የራዲያተር ፋን መሸፈኛና የማርሽ እጀታ ሁሉ መነካታቸው ስለማይቀር ለርካሽ ሥራ አይመቸኝም።

ከፍ ካለ በኋላ ያለው ምርመራ ከሥራው እኩል ጊዜ ይገባዋል። ሁለቱንም አክስል አንጠልጥላችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ የፍሬን ቱቦ የትም ቦታ መወጠር የለበትም። በላስቲክ ቱቦው ፋንታ የብረቱን ማሰሪያ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ በሁለት ጫፉ ተራ ክሮቸራ (የመስቀል ቅርጽ ያለው የዘንግ መታጠፊያ) ካለው፣ የማርሽ ሣጥኑ መውጫና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው። ማዕዘኑን የስልክ ማዕዘን መለኪያ ሳይቀር ይለካዋል። ሁለቱ ከተለያዩ መኪናው በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቸራውም ቶሎ ያልቃል። አንዱን ጎማ በድንጋይ ወይም በመወጣጫ ሽቅብ አስወጡና መሪውን ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ጎማው የት እንደሚነካ ያኔ ይታያል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርጉ።

የመገልበጡ ነገር በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የጎማዎቹ የጎን ርቀት 1500 ሚሊ ሜትር፣ የክብደቱ መሐል ከመሬት 700 ከሆነ የግማሹ ርቀት ለቁመቱ ሲካፈል 1.07 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀላል። መሐሉ ወደ 750 ሲወጣ 1.00። ጎማና ሞላ ስለሚለመጡ እውነተኛው ወሰን ከዚህም ያንሳል፤ ግን ሰባት በመቶ ያህል መቀነሱ አይቀርም። ለዚህ ነው 40 ሚሊ ሜትር ላይ መቆምን የምወደው። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ክንድ፣ ዘንግና ሾክ እየጠየቀ ርካሽ መሆኑን ያቆማል።

ገንዘቡ ሲወጣ መጀመሪያ ያለቁት ጎሚኒዎችና ቦል ጆይንቶች ይቀየሩ፤ የላላ መገጣጠሚያ ከፍ ሲል የባሰ ይላላል። ከዚያ ሞላ ወይም ስፔሰር፣ ከዚያ ልኩ የሚጠይቅ ከሆነ ሾክ፣ በመጨረሻ አላይመንት። አላይመንቱ አይቆረጥም፤ የቶው (የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) መዛባት ጎማን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበላል።

ባለ ዩ ቡሎኖቹንና የሾክ ማሰሪያዎቹን ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ደግሞም ከ500 በኋላ እንደገና በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ) ፈትሹ። በዚያው ቀን አራቱን ቁጥሮች ከእምብርት እስከ ፓራፋንጎ ድጋሚ ለክታችሁ ከመጀመሪያዎቹ ጎን ጻፉ። አዲስ ሞላ ትንሽ መተኛቱ የሚጠበቅ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻውን ከሌሎቹ 10 ሚሊ ሜትር ከወረደ ግን ጎማውን አውርዳችሁ የሽቦውን ጫፍ መቀመጫ እንደገና ዳስሱ።